ቴሌቪዥን ከመግዛትዎ በፊት ሳሎንዎን ይለኩ

በአዲስ አበባ በሜክሲኮ፣ በስታዲየም ዙሪያም ሆነ በመርካቶ ወደሚገኝ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳውን የሞሉትንና ሁሉም በአንድ ጊዜ የተከፈቱትን ቴሌቪዥኖች ነው። አበባ፣ ዓሣ፣ የተቆረጠ ፍራፍሬ፣ ከአየር ላይ የተቀረፀ ከተማ በደማቅ ቀለም ይፈራረቅባቸዋል። ገዢው ዓይኑን ከአንዱ ወደ ሌላው እያዘዋወረ በጣም የደመቀውን ይመርጣል፣ በዋጋ ይከራከራል፣ ካርቶኑን አስጭኖ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤት ገብቶ ከዲሹ ጋር ሲያገናኘው ግን ያ ድምቀት አብሮት አልመጣም። ይህ የሚሆነው የግድ ሻጩ ስላታለለ አይደለም፤ ሱቅ ውስጥ ያለ ቴሌቪዥን አብዛኛውን ጊዜ ብርሃኑንና ቀለሙን እስከ መጨረሻ በሚያወጣ የማሳያ ሞድ ላይ ስለሚቀመጥና የሚያሳየውም ቪዲዮ ለዚሁ ተብሎ በከፍተኛ ጥራት የተዘጋጀ በመሆኑ፣ ሱቁ ውስጥ የታየው ነገር ቤት ውስጥ ከሚታየው ጋር እምብዛም አይገናኝም።

ስለዚህ የምርጫው ቅደም ተከተል ቢገለበጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ብዙዎቻችን ከብራንድና ከዋጋ እንጀምራለን፤ ሳሎኑን፣ የምናየውን ጣቢያና የቤቱን መብራት የምናስበው ዕቃው ከገባ በኋላ ነው። በካርቶኑ ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ትርጉም የሚያገኙት ግን ከእነዚህ ከሦስቱ ጋር ሲገናዘቡ ብቻ ነው።

ከመጠኑ እንነሣ። የቴሌቪዥን ስፋት የሚለካው በኢንች ሲሆን፣ ልኬቱ ከስክሪኑ አንድ የላይኛው ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ እስከ ተቃራኒው የታችኛው ማዕዘን ያለው ርዝመት ነው። 1 ኢንች 2.54 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ባለ 43 ኢንች ስክሪን ወደ ጎን 95፣ ወደ ላይ 54 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ባለ 55 ኢንቹ ደግሞ 122 በ68፣ ባለ 65 ኢንቹ 144 በ81 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ43 ወደ 55 ያለው የ12 ኢንች ልዩነት በቁጥር ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ ዓይን የሚያርፍበት የስክሪኑ ገጽ ግን ከ60 በመቶ በላይ ይሰፋል። ተስማሚውን መጠን ለማግኘት አንድ ሜትር ይዞ ከዋናው ሶፋ መቀመጫ እስከ ቴሌቪዥኑ መቀመጫ ያለውን ርቀት መለካት ይበቃል። ይህ ርቀት የስክሪኑ ሰያፍ ርዝመት ከ1.6 እስከ 2 እጥፍ ቢሆን ለአብዛኛው ተመልካች ምቹ ነው። በኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ርቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ባለ 43 ኢንች፣ 2 ሜትር ተኩል ከሆነ ከ50 እስከ 55 ኢንች፣ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ 65 ኢንች ሊታሰብ ይችላል። በቡፌው ላይ ለቴሌቪዥን የተተወ ክፍት ቦታ ካለም ወርዱን መለካት አይዘንጋ፤ ቡፌው 110 ሴንቲ ሜትር ብቻ የሚያስገባ ሆኖ ሳለ ባለ 55 ኢንች ገዝቶ መመለስ አሳዛኝ ድካም ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የምስል ጥራት ነው። የስክሪኑ ምስል ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። ባለ 32 ኢንች የሆኑት ብዙዎቹ ርካሽ ቴሌቪዥኖች 1366 በ768፣ ፉል ኤችዲ የሚባለው 1920 በ1080፣ ፎርኬ የሚባለው ደግሞ 3840 በ2160 ነጥቦች አሉት። ፎርኬ ከፉል ኤችዲ በነጥብ ብዛት 4 እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው፤ ከ2 ሚሊዮን ወደ 8 ሚሊዮን ያድጋል። ጥያቄው ዓይናችን ይህን ልዩነት ያየዋል ወይ የሚለው ነው። ጤነኛ ዓይን ሁለት አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ነጥቦችን መለየት የሚችለው በመካከላቸው ያለው ማዕዘን ከአንድ ዲግሪ 1/60ኛ ገደማ ሲበልጥ ነው። ይህ ሲሰላ በባለ 43 ኢንች ፉል ኤችዲ ስክሪን ላይ ያሉት ነጥቦች ከ1.7 ሜትር በላይ ርቆ ለተቀመጠ ሰው ተዋህደው ይታዩታል፤ በባለ 55 ኢንች ፉል ኤችዲ ላይ ደግሞ ከ2.2 ሜትር በላይ። ስለዚህ 2 ሜትር ተኩል ርቆ ለሚቀመጥ ቤተሰብ በ43 ኢንች ላይ ለፎርኬ የሚከፈል ተጨማሪ ገንዘብ ዓይን የማያየው ነገር ይገዛል። በ55 ኢንችና ከዚያ በላይ ገበያ ላይ የሚገኘው በአብዛኛው ፎርኬ ስለሆነ ምርጫው በራሱ ይወሰናል። ከፎርኬም የበለጠ ነጥብ ላለው፣ ኤይትኬ ለሚባለው ግን አንድም ብር መጨመር አያስፈልግም።

ከዚህ ይበልጥ የሚከብደው ምን እናያለን የሚለው ነው። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ በኢትዮሳት የሚተላለፉት የሀገር ውስጥ ጣቢያዎች የሚደርሱን በኤችዲ ወይም ከዚያ ባነሰ ጥራት ነው፤ በዲኤስቲቪ የሚታየው ኳስም ቢሆን እንደዚሁ። ፎርኬ ቴሌቪዥን እነዚህን ሲቀበል የጎደሉትን ነጥቦች ራሱ እየገመተ ይሞላል። ይህን ሥራ የሚሠራው ፕሮሰሰሩ ነው፤ በርካሽና በውድ ቴሌቪዥን መካከል ካሉት እውነተኛ ልዩነቶች አንዱም እዚህ ላይ ይገኛል። ደካማ ፕሮሰሰር ያለው ባለ 65 ኢንች ስክሪን ላይ ዝቅተኛ ጥራት ያለው ጣቢያ ሲከፈት የዜና አንባቢው ፊት ደብዝዞ፣ ፊደሎቹ ዳርና ዳራቸው ተቆራርጦ ይታያል። ብዙ ጣቢያዎች አንድን የሳተላይት መስመር ሲጋሩ ምስሉ በጣም ስለሚታመቅም፣ ካሜራው በፍጥነት ሲዞር የኳስ ሜዳው ሣር ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ሲለወጥ እናያለን፤ ይህ ከጣቢያው የሚመጣ ጉድለት ነውና የትኛውም ቴሌቪዥን ሙሉ በሙሉ አያስተካክለውም። ቤተሰቡ በአብዛኛው የሚያየው የዲሽ ጣቢያ ከሆነ፣ መካከለኛ መጠን ያለውና ደህና ፕሮሰሰር የያዘ ስክሪን ከግዙፍና ርካሽ ስክሪን የተሻለ ነው የሚል ጽኑ አስተያየት አለኝ።

አሁን ብዙ ጊዜ ወደሚረሳው፣ ለእኛ ቤት ግን ከሁሉም ይበልጥ አስፈላጊ ነው ወደምለው ጉዳይ ልምጣ፤ ይኸውም ከጎን ሲታይ ያለው ምስል ነው። አንድ ተራ የአዲስ አበባ ሳሎን በዓል ቀን ምን እንደሚመስል እናስብ። ሶፋዎቹ ሦስቱን ግድግዳ ተከትለው ተደርድረዋል፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቀሩት አጎት፣ አክስት፣ ጎረቤትና ልጆች ከግራና ከቀኝ ሆነው በሰያፍ ያያሉ፤ ቡና የምታፈላዋ ደግሞ ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ ጥግ ይዛ ከታች ወደ ላይ ትመለከታለች። ቴሌቪዥኑ ግን ሁሉንም በእኩል አያስተናግድም። ኤልሲዲ ስክሪኖች፣ ማለትም ከጀርባቸው በአምፖል የሚበሩት፣ በዋናነት ሁለት ዓይነት ፓኔል (ምስሉ የሚወጣበት ገጽ) አላቸው። ቪኤ የሚባለው ጥቁሩን ይበልጥ ጥቁር ያደርጋል፤ በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ልዩነት 3000 ለ1ና ከዚያ በላይ ይደርሳል፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙ ይነጣል፣ የሰው ፊትም ይገረጣል። አይፒኤስ የሚባለው የጥቁርና የነጭ ልዩነቱ 1000 ለ1 አካባቢ ስለሆነ በጨለማ ክፍል ውስጥ ጥቁሩ ግራጫ ይመስላል፤ ከጎን ሲታይ ግን ቀለሙን በጣም የተሻለ አድርጎ ይጠብቃል። ማታ መብራት አጥፍቶ ፊልም ለሚያይ ብቸኛ ሰው ወይም ባልና ሚስት ቪኤ ይመረጣል፤ ሦስት ግድግዳ ሙሉ እንግዳ ለሚቀበል ቤት አይፒኤስ ይሻላል። የፓኔሉ ዓይነት በካርቶኑ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጻፍም፤ አንድ ዓይነት ሞዴል ቁጥር ያላቸው ሁለት ቴሌቪዥኖችም የተለያየ ፓኔል ይዘው ሊመጡ ይችላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሱቁ ውስጥ የሰው ፊት የሚታይበት ምስል ተከፍቶ እያለ ከመሐል ተነሥተው ወደ ጎን እስከ 45 ዲግሪ ድረስ በእርጋታ ይራመዱ፤ ከዚያም ቁጢጥ ብለው ከታች ይመልከቱ። ፊቱ ከገረጣ ወይም ከነጣ ቤትዎም እንዲሁ ይሆናል።

በስያሜዎቹ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ኤልኢዲ ቲቪ ተብሎ የሚሸጠው ከጀርባው በኤልኢዲ አምፖሎች የሚበራ ኤልሲዲ ነው። ኪውኤልኢዲ የሚባለው፣ ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በሰፊው ያስተዋወቀው ስም፣ ቀለሙን የሚያጎላ ንብርብር የተጨመረበት ያው ኤልሲዲ ነው። ኦኤልኢዲ ግን በእርግጥም የተለየ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ በራሱ ስለሚበራና በራሱ ስለሚጠፋ ጥቁሩ ፍጹም ጥቁር ነው፣ ከጎንም ሲታይ አይበላሽም። ከፍ ካለው ዋጋው ሌላ ያለበት ችግር፣ ሳይንቀሳቀስ ለረጅም ሰዓት አንድ ቦታ ላይ የሚቆይ ምስል በጊዜ ብዛት አሻራውን ሊተውበት መቻሉ ነው። የጣቢያ ሎጎና ከታች የሚያልፍ የዜና ጽሑፍ ከጠዋት እስከ ማታ በሚታይበት ቤት ይህ መታሰብ አለበት። ፕላዝማ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ዋና ዋናዎቹ አምራቾች ማምረቱን ስላቆሙት የሚገኘው ያገለገለ ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የእዝዝታ ድምፅ ማሰማቱ የታወቀ ነውና አልመክረውም። ኤችዲአር (በብሩህና በጨለማ ቦታዎች መካከል ሰፊ ልዩነት ያለው ቪዲዮ) የሚለው ምልክት ደግሞ በርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ሲገኝ የሚነግረን ስክሪኑ ያንን ዓይነት ቪዲዮ መቀበል እንደሚችል ብቻ ነው፤ የሚፈለገውን ያህል ብርሃን ማውጣት መቻሉን አያረጋግጥም።

ስማርት የሚለውን በተመለከተ፣ ስክሪኑ ብዙ ዓመት ሲያገለግል በውስጡ ያለው ኮምፒውተር ግን ቀድሞ ያረጃል። ይህን ኮምፒውተር ከሚያንቀሳቅሱት ሶፍትዌሮች በኤልጂ ዌብኦኤስ፣ በሳምሰንግ ታይዘን፣ በሌሎች ብዙ ብራንዶች ደግሞ ጎግል ቲቪ ይገኛል። በጣም ርካሽ በሆኑት ላይ የሚገኘው ግን የጎግል ፈቃድ የሌለው፣ ለስልክ የተሠራ አንድሮይድ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለው ላይ ኔትፍሊክስን የመሰሉ መተግበሪያዎች ወይ አይሠሩም፣ ወይ በዝቅተኛ ጥራት ይሠራሉ። ሻጩን ኢንተርኔት አስከፍተው ዩቲዩብ ላይ አንድ ነገር ፈልገው ይሞክሩት፤ ፊደል በተጫኑ ቁጥር የሚዘገይ ከሆነ ከሁለት ዓመት በኋላ የባሰ ይሆናል። ኔትፍሊክስ ለፎርኬ በሰከንድ 15 ሜጋቢት፣ ለፉል ኤችዲ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይጠይቃል፤ ፎርኬ በሰዓት እስከ 7 ጊጋባይት ዳታ ይበላል። የቤቱ የኢንተርኔት ፓኬጅ 5 ሜጋ ከሆነ ፎርኬ ከኢንተርኔት በኩል አይታሰብም። ሌላው ሁሉ እኩል ከሆነ ግን ለስማርት ብሎ ብዙ ብር መጨመር አይጠቅምም፤ ከጊዜ በኋላ ትንሽ የአንድሮይድ ቦክስ ኤችዲኤምአይ ከሚባለው የምስልና የድምፅ መሰኪያ ጋር ማገናኘት ይቻላል።

የመብራቱ ጉዳይ ሰፋ ያለ ትኩረት ይገባዋል፤ በከተማችን ቴሌቪዥንን ከዕድሜው በፊት የሚገድለው ብዙውን ጊዜ እሱ ነውና። የሀገራችን ኃይል 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ያለው ጽሑፍ 100–240 ቮልት የሚል ከሆነ ቮልቴጁ ዝቅ ሲልም ሥራውን ይቀጥላል፤ 220–240 የሚል ከሆነ ትንሽ ይበልጥ ይቸገራል። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ወይም ይዞት የመጣው ቴሌቪዥን ግን ለብቻው መታየት አለበት። ለሰሜን አሜሪካ ገበያ ከተሠሩት ውስጥ 110–120 ቮልት ብቻ የሚቀበሉ አሉ፤ እነዚህን በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት የኃይል ቦርዳቸውን ወዲያውኑ ማቃጠል ነው። በሳምሰንግ ኤልኢዲ ቴሌቪዥኖች ሞዴል ቁጥር መጀመሪያ ላይ ‹‹ዩኤን›› የሚለው የሰሜን አሜሪካ፣ ‹‹ዩኤ›› የሚለው የእስያና የአፍሪካ፣ ‹‹ዩኢ›› የሚለው የአውሮፓ ነው። የትኛውም ብራንድ ቢሆን ከጀርባው የተለጠፈውን የቮልት ጽሑፍ ሳያነቡ አይሰኩት፤ 110 ከሆነ ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል።

መብራት ሲጠፋ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ እምብዛም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ሲመለስ ነው። በሰፈሩ ያለው ፍሪጅ፣ ምጣድና ፓምፕ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ቮልቴጁ ጥቂት ሰከንዶች ከፍና ዝቅ እያለ ይዋዥቃል። ስለዚህ ስታብላይዘር ሲመርጡ መብራት ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከሚያስተካክለው ቮልት ባልተናነሰ ይህ መዘግየት ጠቃሚ ነው። ባለ 55 ኢንች ኤልሲዲ ቴሌቪዥን የሚወስደው ከ100 እስከ 150 ዋት ገደማ ስለሆነ ትንሽ ስታብላይዘር ይበቃዋል፤ ፍሪጁን ከዚያው ላይ መደረብ ግን ተገቢ አይደለም። ተራ ዲቫይደር ቀይ መብራት ስላለው ብቻ ከቮልቴጅ ይከላከላል ማለትም አይደለም። ስለ ክፍያው ለሚያስብ ሰው፣ 120 ዋት የሚወስድ ቴሌቪዥን በቀን 5 ሰዓት ቢበራ በወር 18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 3 ሺህ ዋትና ከዚያ በላይ ከሚወስደው የኤሌክትሪክ ምጣድ አንጻር ሲታይ ትንሽ ነው።

ወደ ሱቁ ሲሄዱ ፍላሽ ይያዙ። በፍላሹ ላይ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሆኑ ምስሎች፣ አንድ የኳስ ቪዲዮና አንድ ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት የፎርኬ ቪዲዮ ይኑር። በመጀመሪያ ሻጩ ቴሌቪዥኑን ከማሳያ ሞድ ወደ ቤት ሞድ እንዲቀይረው ይጠይቁ። ነጩ ላይ የማይበራ ጥቁር ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ የማይጠፋ ነጥብ መኖሩን ቀረብ ብለው ይፈልጉ። ጥቁሩ በተከፈተበት ጊዜ ከማዕዘኖቹ የሚያፈስ ብርሃን ካለ ማታ ፊልም ሲያዩ ያስቸግራል። ግራጫው ከሁሉም ምስሎች ይበልጥ ሐቀኛ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ጥላ የመሰሉ መስመሮች ወይም እድፍ የመሰሉ ቦታዎች ካሉ በግራጫው ይታያሉ፤ ኳሱ በሜዳው ላይ ሲሮጥም በነዚያው ቦታዎች ላይ ይረብሻሉ። ፎርኬ ነው የተባለው በእርግጥ ፎርኬ መሆኑ በደቃቁ ጽሑፍ ይለያል፤ ፎርኬ ቪዲዮ የሚቀበል ነገር ግን ፓኔሉ ፉል ኤችዲ የሆነ ቴሌቪዥን ጽሑፉን አደብዝዞ ያሳያል። የፎርኬ ፊልም ፋይል ብዙ ጊዜ ከ4 ጊጋባይት ስለሚበልጥ ፋት32 በተባለው አሠራር ፎርማት የተደረገ ፍላሽ አይቀበለውም፤ ቴሌቪዥኑ የትኛውን ፎርማት እንደሚያነብ መጠየቅም ጥሩ ነው። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ፤ ለሪሲቨር፣ ለቦክስና ለድምፅ ማጉያ ሦስት ቢኖሩ ይመረጣል።

ከዚያ በካርቶኑ ላይ፣ በጀርባው ላይና በሴቲንግ ውስጥ የተጻፈው ሞዴል ቁጥር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ። የታወቀ ብራንድ ስም ተለጥፎበት ሲከፈት የሌላ ስም ወይም ምንም ስም የማያወጣ ቴሌቪዥን የዚያ ብራንድ አይደለም። ጋራንቲው ምን እንደሚሸፍንና ጥገናው የት እንደሚደረግ በደረሰኙ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ በቃል የተነገረ ጋራንቲ ችግር ሲመጣ ማስረጃ አይሆንም። በኤልሲዲ ቴሌቪዥኖች ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች አንዱ የጀርባ አምፖሎቹ መቃጠል ነው፤ ድምፁ እየተሰማ ምስሉ ይጠፋል። በዚያን ጊዜ የስልክ ባትሪ አብርተው ወደ ስክሪኑ ቢያስጠጉና ፈዛዛ ምስል ከታየ ፓኔሉ ደህና ነው፤ አምፖሎቹን ባለሙያ ይቀይራቸዋል። የተሰነጠቀ ፓኔል ግን ዋጋው ከአዲስ ቴሌቪዥን ስለሚቀራረብ አብዛኛውን ጊዜ አይጠገንም። ስለዚህ ሲያጓጉዙት ካርቶኑን አስተኝተው ሳይሆን አቁመው ይጫኑት፤ ትልቁ በትንሽ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ አይቆምምና ፒክአፕ ወይም ሚኒባስ ይያዙ።

ግድግዳ ላይ ለሚሰቅሉ ሰዎች፣ የአዲስ አበባ ቤቶች ብዙዎቹ ክፍት በሆነ ብሎኬት የተሠሩ ስለሆኑ ተራ ፊሸር በብሎኬቱ ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቶ ይላላል። ባለ 55 ኢንች ቴሌቪዥን ከ15 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ለክፍት ብሎኬት የተሠራ ፊሸር መጠቀም ወይም ብሎኑን ከኮንክሪት ምሰሶው ላይ ማሰር ያስፈልጋል። በቆዩት የጭቃ ቤቶች ግድግዳ ላይ ግን ባይሰቀል ይሻላል፤ ጠንካራ ጠረጴዛ ይበቃዋል፤ ሕፃናት ባሉበት ቤት ቴሌቪዥኑን ከጀርባው ከግድግዳው ጋር ማሰር አይዘንጋ። ከፍታውን በተመለከተ፣ የስክሪኑ መሐል ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ዓይን ትይዩ፣ ማለትም ከወለሉ 1 ሜትር ገደማ ላይ ቢሆን አንገት አይታመምም። ብዙዎች የሚሰቅሉት ከዚህ በጣም ከፍ አድርገው ነው። መስኮት ፊት ለፊት መስቀልም ቀን ላይ ከምስሉ ይልቅ መስኮቱን ማየት ነው።

ቤት ከገባ በኋላ ሥዕሉን ከደማቁ ሞድ አውጥተው ስታንዳርድ ወይም ሲኒማ በሚለው ላይ ያድርጉት። የጀርባ ብርሃኑን ቀነስ ማድረግ የአምፖሎቹን ዕድሜ ያረዝማል፤ የምስሉን ጠርዝ የሚያጎላውን፣ ሻርፕነስ የሚለውንም ወደ ታች ማውረድ በዲሽ ጣቢያዎች ላይ የሚታየውን መቆራረጥ ይቀንሳል። በመጨረሻ ሪሲቨሩን ይመልከቱ። ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘው በቀይ፣ በነጭና በቢጫ ኬብል ከሆነ የተከፈለበት ጥራት በሙሉ በዚያ ቢጫ ኬብል ላይ ይቀራል፤ እሱን ነቅለው ኤችዲኤምአይ ይሰኩ፣ በሪሲቨሩ ሴቲንግ ውስጥም የምስል አወጣጡ 576 ላይ ቆሞ ከሆነ ወደ 1080 ይቀይሩት።